ችግኙን ተከልን፤ ጭሱስ?

ሰላም ጎንደሮች! ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዛፍ ናቸው። ስለ ችግኝ ተከላ፣ ስለ ካርቦን፣ «የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው እውነት ነው ወይ» ስለሚለው ክርክር። የተወሰኑትን መርጠናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካንም።

ጥያቄ፦ ዶርም ውስጥ በየማታው እንከራከራለን። አንዱ ጓደኛዬ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዕፅዋት ምግብ ነው፣ ቢበዛ ደኑ ይለመልማል እንጂ ምን ይጎዳል?» ይላል። «የአየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር፣ ሰው ምን አገባው?» ብሎ ይጨምራል። ምን ልበለው?
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ)

መልስ፦ ጓደኛህ ከተናገረው ውስጥ እውነት አለበት። መጀመሪያ እሱን እመንለት። ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስደው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠሩበታል። ጋዙ ሲጨምር ብዙዎቹ ፈጠን ብለው ያድጋሉ፤ በሳተላይት ሲታይም ባለፉት አሥርተ ዓመታት የምድር ቅጠል ጨምሯል። ግን ዛፍ በካርቦን ብቻ አይኖርም። ውሃ ይፈልጋል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ እነሱ ካነሱት ትርፉ ጋዝ ብዙም አይረባውም። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ ይለያል። ጋዙን ቅጠላቸው ውስጥ አከማችተው ነው የሚጠቀሙበት፤ ስለዚህ አየሩ ላይ ቢጨመርላቸው የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። «ምግብ ነው» የሚለው ክርክር እንጀራችን ጋ ሲደርስ ይደክማል።

ድሮም ይለዋወጥ ነበር? አዎ፣ ያውም በኃይለኛው። ማስረጃው ከደጃችን ነው። በበረዶ ዘመን፣ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ ግግሩ እየገፋ የከመረው ድንጋይና አፈር ከፍተኛዎቹ ጫፎች አካባቢ እስከ ዛሬ ይታያል። ጣና ራሱ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከሐይቁ ወለል በተቆፈረ ደለል ታውቋል። እስቲ አስበው፣ ጣና! በዚያ ዘመን ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበረው 190 ያህሉ ነበር። ወደ 280 ለመድረስ ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ የሰው ልጅ ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ማንደድ ጀመረ። ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል፤ ከጭማሪው አብዛኛው የመጣውም እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ነው። እና የአየር ንብረት ድሮ መለዋወጡ የሚያጽናና ነገር አይደለም። ሲነኩት የሚነቃነቅ መሆኑን ነው የሚነግረን።

«ከ1 ሚሊዮን 420 ምን አላት?» ማለቱ አይቀርም። የአየሩ አብዛኛው ክፍል ናይትሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ ሁለቱም ምድር ወደ ላይ የምትመልሰውን ሙቀት ዝም ብለው ያሳልፋሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይይዘዋል። ይህ የትናንት ፖለቲካ የፈጠረው ወሬ አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት እ.ኤ.አ. በ1856 በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ከተራ አየር ይልቅ እንደሚሞቅ አሳየች። ጆን ቲንዳል በ1859 ጋዞች ሙቀት እንዴት እንደሚይዙ ለካ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አርሬኒየስ ደግሞ ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አስልቶ በ1896 አሳተመ። የአድዋ ድል ዓመት መሆኑ ነው! ያኔ ስለዚህ ጉዳይ የሚከራከር ፓርቲም ሆነ ግብር የሚጠይቅ መንግሥት አልነበረም።

«ከሰው እንደመጣ በምን ታወቀ?» ካለህ ደግሞ ሦስት ነገር ንገረው። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ካርቦን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የተቀበረ ስለሆነ ካርቦን 14 የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት እየጠፋ የሚሄደው ዓይነት የለበትም፤ አየሩ ውስጥ ካርቦን 14 የሌለው «ያረጀ» ካርቦን ድርሻ እየጨመረ መምጣቱ ይለካል። እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚያወጡት ሰው ከሚያወጣው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ደግሞ የላይኛውም የአየር ክፍል አብሮ ይሞቅ ነበር፤ የሚታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህ ሙቀቱ ታች እየተያዘ መሆኑን ያሳያል።

ክርክር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጋዙ እጥፍ ሲሆን የምድር አማካይ ሙቀት ስንት ይጨምራል? የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ ጉባኤ (IPCC) በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ይህ ሰፊ ልዩነት ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ይጨምር ወይስ ይቀንስ በሚለውም የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች አይስማሙም። ማን ይክፈል የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ጓደኛህ መከራከር ከወደደ እዚህ ላይ ይምጣ፤ እዚህ ጋ የምር የሚያከራክር ነገር ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን በየክረምቱ ችግኝ ያስተክለናል። እኔም ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ግን ይህ ሁሉ ችግኝ የዓለምን ጭስ ይመልሰዋል? ለነገሩ እኛ ኢትዮጵያውያን ምን ያህል አጨስንና?
(የመንግሥት ሠራተኛ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይመልሰውም። መትከልሽን ግን አታቁሚ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ዓለም ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ብቻ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ደን ሲመነጠር የሚወጣው ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል። 30 በመቶ ገደማውን ዕፅዋትና አፈር ይይዙታል። ግማሽ ያህሉ ግን አየር ላይ ይቀራል። ደኖች ከአሁኑም ሳይከፈላቸው ከባድ ሸክም ተሸክመውልናል ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር የዕድሜ ጉዳይ ነው። ነዳጅ ከመሬት በታች ለሚሊዮን ዓመታት የተቀመጠ ካርቦን ነው፤ ዛፍ ግን የሚይዘው እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። ከተቃጠለ ወይም ከበሰበሰ ይመልሰዋል።

ትንሽ እናስላ። አንድ መኪና ወደ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ 100 ሊትር ናፍጣ ፈጀ እንበል። ከዚያ 270 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የደረቀ እንጨት ግማሹ ካርቦን ስለሆነ ያንን ጋዝ ለመያዝ 150 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ማደግ አለበት፤ አድጎም ሳይቆረጥ መቆየት አለበት። ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ደርሶ መልስ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት ምድር ላይ ዛፍ መብቀል በሚችልበት ባዶ ቦታ ሁሉ ደን ቢመለስ 205 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይይዛል ብሎ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሩ በብዙ እጥፍ የተጋነነ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ሣር ምድሩንና ሳቫናውንም ሁሉ እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሯል በሚል። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ጓሳ የለበሰ ተራራ ባዶ ቦታ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የሚግጠውን ሣር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም።

«ምን አጨስን?» ላልሽው፣ ልክ ነሽ። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅና ከመሳሰለው በዓመት የሚያወጣው ከ0.2 ቶን በታች ነው። አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ። ስለዚህ የዓለምን ዕዳ ልከፍል ነው ብለሽ አትትከይ፤ ዕዳው ያንቺ አይደለም። ለአንገረብ ብለሽ ትከይ። ከተማችን የምትጠጣበት ግድብ በደለል መጎዳቱን በየሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሁሉ ያውቀዋል። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ከተራቆቱት ዳገቶች ነው። እዚያ ላይ ሥር የሰደደ ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ክትክታ አፈሩን ይዞ ያስቀረዋል፤ ውሃውም በጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት ይሰርጋል። ካርቦኑ ምርቃት ነው።

አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል። ስለ ችግኝ የምናወራው ሁሉ የተተከለውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፤ ሕዝቡ ነቅሎ የወጣበት ቀን ነበር፣ ሊደነቅ ይገባዋል። የዛፍ ጉዳይ የሚለየው ግን በሐምሌ አይደለም። በጥርና በመጋቢት ነው፣ ዝናቡ ሄዶ ፍየሉ ሲለቀቅ። መሥሪያ ቤታችሁ በክረምት አውቶቡስ ከመደበ በበጋም አንድ ቀን ይመድብ። ሄዳችሁ ቁጠሩ። የደረቀውን በሚቀጥለው ክረምት ተኩ፤ ከብት የሚገባበትን እሾህ አጥሩበት። ከአካባቢው ገበሬ ጋርም ተነጋገሩ፤ መሬቱን የሚጠብቀው እሱ ነውና ሣሩን አጭዶ መውሰድ ከተፈቀደለት ጥበቃውን ከማንም በላይ ይሠራዋል።

ጥያቄ፦ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ዛፍ ሥር መተኛት ይገድላል ይባላል፤ ዛፉ በሌሊት መርዝ ስለሚተነፍስ። እውነት ነው?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ አይገድልም። ዛፍ በሌሊት እንደ እኛው ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ግን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ደጅ ላይ ደግሞ ንፋሱ ይበትነዋል። አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ዘግተን በተኛንበት ክፍል ውስጥ አብሮን ያደረው ሰውም ይለቃል። እውነተኛው ገዳይ በር ተዘግቶ የሚያድር የከሰል ማንደጃ ነው፤ እሱ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳያስነቃ ይገድላል። ጥበቃ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው በፍጹም አይተኙ።

ጥያቄ፦ በደብራችን ቅጥር ግቢ ያሉት ጽድና ወይራ በጣም አርጅተዋል። ከሰበካ ጉባኤው አንዳንዶቹ «ያረጀ ዛፍ ካርቦን አይስብም። ቆርጠን ባሕር ዛፍ ብንተክልበት ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ ይሆናል፣ ለአየሩም ይበጃል» ይላሉ። እኔ ልቤ አልፈቀደም፤ ግን የምመልስላቸው የለኝም።
(የደብር አስተዳዳሪ፣ ከጎንደር ወጣ ካለ ገጠር)

መልስ፦ አባታችን፣ ልብዎ ትክክል ነው። እባክዎ አያስቆርጡ።

የአባላቱ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በማደግ ላይ ያለ ወጣት ተክል በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት የሚስበው ካርቦን ብዙ ነው፤ ይህ እውነት ነው። አሮጌው ደን ግን ለብዙ ትውልድ ሲሰበስብ የኖረውን በግንዱ፣ በሥሩና በአፈሩ ይዞ ቆሟል። ሲቆረጥ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ጥላ ያጣው አፈር ይደርቃል። የተጠራቀመው አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። ባሕር ዛፉ ያንን ለመተካት አሥርተ ዓመታት ያስፈልጉታል፤ ግን ጊዜ አይሰጠውም፣ አጠና ሲደርስ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ይበቅላል፣ እንደገና ይቆረጣል። ሙሉ ጎተራ አፍርሶ ባዶ ቁና እንደመያዝ ነው። ደግሞ «አሮጌ ዛፍ አይስብም» የሚባለው ራሱ ልክ አይደለም። በ400 ያህል የዛፍ ዝርያዎች ላይ በተደረገ ልኬት አብዛኞቹ በገዘፉ ቁጥር በዓመት የሚጨምሩት ክብደትም እየበዛ ሲሄድ ታይቷል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ካርቦን ብቻ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው። በደጋችን የአገር በቀል ዛፍ ዘር ተርፎ የሚገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ውስጥ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ መዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር! ከዚሁ ሥራ የተገኘው ሌላው ነገር ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። የአብዛኞቹ የደኑ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ አይቆይም። ቶሎ በቅሎ ካልጸደቀ ይጠፋል። ዛሬ ተቆርጦ ነገ ብንጸጸት መሬቱ በራሱ አይመልሰውም ማለት ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ አስቡት፤ ዛፎቹን ከዚያ አንሡና ቦታው ምን እንደሚመስል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ሌላ ሥራ ቢይዝ ይሻላል። ዛፎቹ ማርጀታቸው ብቻውን ችግር አይደለም። ከሥራቸው የሚተካ ልጅ እግር ዛፍ ከሌለ ግን ችግር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከብት ነው፣ የበቀለውን ይበላል፣ ይረግጣል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከየደብሩ ጋር ሆነው ያደረጉት በጣም ቀላል ነገር ነው። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ አምጥቶ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። ማሳው ከድንጋይ ነጻ ሆነ፣ ደኑም ከከብት ተረፈ። ካቡን ከዛፎቹ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል።

ገቢውም መታሰብ አለበት፤ የአገልጋይ ደመወዝ አለ፣ የጣሪያ ጥገና አለ። ባሕር ዛፍ ካስፈለገ ከካቡ ውጭ፣ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ፣ በተራቆተ ቦታ ላይ ይተከል። ውስጡ ግን አይግባ፤ ሥሩ ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም። ከደኑ ሳይቆረጥ የሚገኝ ገቢም አለ። ቀፎ ይሰቀል። ችግኝ ጣቢያዎች የወይራ፣ የዝግባ፣ የኮሶና የጽድ ዘር ይፈልጋሉ፤ ከእርስዎ ግቢ የተሻለ የት ያገኙታል? በዘር ወቅት ወጣቶቹ ለቅመው ቢሸጡ ደኑ ሳይነካ ብር ይገባል፤ የደብሩም ዛፍ በሌላ ዳገት ላይ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። መብራት ስለሚቆራረጥ በእንጨት እጋግራለሁ። ልጄ «ደኑን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ» ትለኛለች።
(ከአራዳ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ለዛፉ ማሰቧ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱን ግን በእርስዎ ላይ አትጫነው። የሚያነዱት ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና የሚያድግ ባሕር ዛፍ ከሆነ የሚወጣውን ካርቦን አዲሱ እድገት መልሶ ይስበዋል። የሚጎዳው ከደን ተቆርጦ ያልተተካ እንጨት ነው፤ የከሰሉም ነገር እንዲሁ፣ ሲከሰል ብዙ እንጨት ይባክናል። ከሦስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ ቢቀይሩ ማገዶዎ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለደኑም ለኪስዎም ይጠቅማል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለዓይንዎና ለሳንባዎ፣ ምክንያቱም ያ ጭስ ሲጋራ ሳያጨሱ ያሳምማል። መብራት ባለ ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግሩ። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ ከጀርባው የሚነድ ከሰል የለም።

ጥያቄ፦ ገበሬ ነኝ። ገደላማው መሬቴ ላይ ዛፍ ካለማሁ «የካርቦን ብር» ይከፈላል ሲባል ሰማሁ። እውን ይህ ነገር አለ?
(ከወገራ)

መልስ፦ አለ፤ ግን በአንድ ገበሬ መሬት አይሆንም። በአገራችን የሚታወቀው ምሳሌ ወላይታ ውስጥ ያለው የሁምቦ ተራራ ነው። ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነ የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከከብት ተከልሎ፣ አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ በአብዛኛው መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥና እንዲገረዝ ተደርጎ ደኑ ተመለሰ። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በዓለም ባንክ በኩል የተያዘውን ካርቦን ሸጡ። ገንዘቡ ለማኅበሩ እንጂ ለየግለሰቡ ኪስ አልነበረም፤ የመጣውም ደኑ ተለክቶ ማደጉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ስለዚህ ማንም መጥቶ «ፈርም፣ ብር ይመጣልሃል» ቢልዎት አይቸኩሉ። ውሉ ስንት ዓመት ነው? በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀም፣ ቀፎ መስቀል ይፈቀዳል? እሳት ቢነሳና ደኑ ቢቃጠል ኪሳራው የማን ነው? ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በ2011 ዓ.ም በበጋው መጨረሻ ሰሜን ተራሮች ላይ የተነሳውን ቃጠሎ አካባቢያችሁ ያውቀዋል፤ ለማጥፋት ከውጭ አገር ሳይቀር እርዳታ መጥቶ ነበር። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የእርስዎ መሬት በየትኛው እንደሚመዘገብ ከወረዳው ይጠይቁ፣ የመሬት ደብተርዎንም ይዘው ይሂዱ። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ የሚችል ዘመድ ወይም ልጅ ሁሉንም ገጽ አንብቦልዎት፣ አንድ ቅጂ እጅዎ ሳይገባ አይፈርሙ። ገደላማውን መሬት ግን ብሩ መጣም አልመጣም ከከብት ይከልሉት፤ የሚቀጥለው ክረምት ሣሩን ያጭዱበታል።